የኢትዮጵያ ቅኝትና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ

በባላገር ክራርን የሚሠራውና ክራርን የሚመታው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። እንጨቱን ፈልፍሎ፣ ቆዳ ወጥሮ፣ ሁለቱን ቋሚዎች በቀንበር አያይዞ አምስት ወይም ስድስት ክር ከዘረጋ በኋላ የሥራው ዋና ክፍል ገና ይጀምራል፤ ይኸውም መቃኘት ነው። ክሮቹ ከቀንበሩ ላይ የተጠመጠሙበትን እያዞረ፣ አንዱን ከሌላው እያመሳከረ፣ ጆሮው «ደረሰ» እስኪለው ድረስ ያጠብቃል፣ ያላላል። ከትዝታ ወደ ባቲ መሻገር ሲያሻው ደግሞ እንደገና ይቃኛል። ስለዚህ ክራር አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ መሣሪያ አይደለም፤ ባለቤቱ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሸጋገር ዳግመኛ ይሠራዋል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የከተማ ልጆች ከቆርቆሮና ከሽቦ የሚያበጁት ክራርም ቢሆን፣ ድምፁ ሻካራ ይሁን እንጂ፣ ቅኝቱ የልጁ የራሱ ነው።

ከፋብሪካ የሚወጣ መሣሪያ ግን እንዲህ አይደለም። አኮርዲዮንም ሆነ ኦርጋን፣ በኋላም ኪቦርድ፣ ወደ ተጫዋቹ እጅ የሚገባው ተቃኝቶ ነው። የተቃኘውም ተጫዋቹ በማያውቀው ሰው ጆሮና መለኪያ ነው። ሠሪና ተጫዋች ከተለያዩ ወዲህ በዓለም ላይ ሁለቱን መልሰው ለማገናኘት የጣሩ የሙዚቃ ሰዎች አልጠፉም። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌቭ ቴርሜን በ1920 ገደማ ሳይነኩት እጅን በአየር ላይ በማንቀሳቀስ ብቻ የሚጫወቱትን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠርተው ራሳቸው ተጫወቱበት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1978 ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ አካባቢ፣ ጂም ሆርተን፣ ጆን ቢሾፍና ሪች ጎልድ የተባሉ ሙዚቀኞች ኪም-1 የምትባለውን ትንሽ ኮምፒዩተር በየቤታቸው እየፈቱና እየገጠሙ የሙዚቃ መሣሪያ አደረጓት። የማስታወሻዋ መጠን ከአንድ ሺህ ባይት ብዙም የማይበልጥ ነበር። የየራሳቸውን መሣሪያ በሽቦ አገናኝተው አንዱ የሌላውን እየሰማ እንዲመልስ በማድረግ በሕዝብ ፊት ተጫወቱ። በቤት የተሠራ ዲጂታል መሣሪያ ይዞ መድረክ ላይ የመውጣት ልማድ በሰፊው የሚታወቀው ከእነዚህ ወዲህ ነው።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ በዚሁ መንገድ አልተጓዘም። እዚህ ጥያቄው ሽቦውን ማን ገጠመው የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ቅኝቱን የሚወስነው የማን ጆሮ ነው የሚል ሆኖ ነው የመጣው።

ታሪኩን ከካይሮ መጀመር የግድ ይሆናል። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በ1944፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ተዋሱ። መሣሪያውን ይዘው የሄዱት ወደ ዛር ሥርዓት ነው። የዛር ሥርዓት በጎንደርና በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል የታወቀ ሲሆን፣ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የተስፋፋው ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ነው የሚሉ አጥኚዎች ብዙ ናቸው። ኤል ዳብ የሴቶቹን ዜማ ከቀዱ በኋላ በጣቢያው ክፍል ውስጥ ድምፁን በማስተጋባት፣ የመነሻውን ምት በመቀነስና ጥላውን ብቻ በማስቀረት፣ እንደገናም በመቅዳት ሌላ መልክ ሰጡት። ውጤቱንም በዚያው ዓመት በካይሮ ለተመልካች አሰሙ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ የባቡርን ድምፅ ቀድተው ሙዚቃ ያደረጉት በ1948 መሆኑን ስናስታውስ፣ የካይሮው ሥራ አራት ዓመት የቀደመ ሆኖ እናገኘዋለን። ከቅጂው እስከ ዘመናችን የዘለቀው ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆን ክፍል ነው።

ኤል ዳብ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከ1959 ጀምሮ ሠሩ። ማዕከሉ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከነበሩት ጥቂት መሰሎቹ አንዱ ነበር። በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምሩ እንግዲህ በዘመኑ የሙዚቃ ቴክኒክ ጫፍ የደረሱ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው የሚጠበቀው ቴፕና ማጉያ የሞላበት ክፍል ማቋቋም ነበር። ያቋቋሙት ግን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ነው። በ1963 ክራር፣ መሰንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ ተጫዋቾችን ከተለያዩ ብሔረሰቦች ሰብስበው በአንድ መድረክ ላይ አቀመጧቸው።

ይህ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሸሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ድምፅን ቀርቦ መስማት፣ የድምፁን መነሻ ከማስተጋባቱ መለየት፣ ለየብቻ ያደጉ ድምፆችን አንድ ላይ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ በሽቦ ላይ የተማሯቸው ነገሮች ናቸው። በእጅ የተሠሩ መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ ደግሞ የመጀመሪያው ችግር መቃኘት ነው፤ የአንዱ ዋሽንት ቀዳዳ ከሌላው ክራር ክር ጋር ተለክቶ የተበጀ አይደለምና። አንድ መሰንቆ ለብቻው ሲጫወት ጌታ ነው፤ ከሌሎች ጋር ሲቀመጥ ግን ወይ እሱ ይጠጋል ወይ ሌሎቹ ይጠጉታል። ኤል ዳብ በ1964 ሲሄዱ፣ ኋላም ኦርኬስትራውን ተስፋዬ ለማ ሲመሩት፣ ይህ የመጠጋጋት ሥራ ቀጥሏል። ተስፋዬ ለማ ድምፃቸው ከፍና ዝቅ ያለ ክራሮችን በአንድ ላይ ማሰለፍን የኦርኬስትራው መለያ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ናቸው። ኦርኬስትራው በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ተበተነ፤ ተስፋዬ ለማም በ2013 በስደት ሳሉ በአሜሪካ አረፉ።

ወደ ቀጣዩ ከመሻገራችን በፊት የቅኝቱን ነገር በጥቂቱ ማብራራት ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሚል የሚታወቁት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። የአውሮፓ ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በአሥራ ሁለት እኩል ክፍል ይከፍለዋል። ሙዚቀኞች እያንዳንዱን ክፍል ደግሞ በመቶ ሴንት ይለኩታል። የትዝታ አምስት ድምፆች ከነዚህ አሥራ ሁለት ቦታዎች ላይ ሲቀመጡ እምብዛም አይጎረብጡም። አንቺ ሆዬ ግን ይጎረብጣል። ክራር መቺው በጆሮው ያገኘው ቦታ ከሁለት ቁልፎች መካከል ሊወድቅ ይችላል፤ ከሁለት ቁልፎች መካከል ደግሞ በኪቦርድ ላይ ምንም የለም። በገናን ብንወስድ ነገሩ ይብሳል። ከአሥሩ የበገና ክሮች ሥር የሚገባው እንዚራ የሚባለው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ክሩን እያንዘረዘረ የሚያወጣው ድምፅ፣ ቁመቱ ብቻ ሳይሆን አካሉ ጭምር ከፋብሪካው መሣሪያ ውጪ ነው።

ይህን ችግር ቀድመው በአደባባይ ከተጋፈጡት መካከል ሙላቱ አስታጥቄ ይገኛሉ። በ1943 በጅማ የተወለዱት ሙላቱ በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ሙዚቃ ተምረው፣ በ1966 በኒው ዮርክ ሁለት ሸክላ ካሳተሙ በኋላ ወደ አገራቸው የተመለሱት በቫይብራፎን ነው። ቫይብራፎን ብረቶቹ በፋብሪካ የተቃኙ፣ ከሥራቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከሩ ክብ ብረቶች ያሉት መሣሪያ ነው። ክሩን ማጥበቅና ማላላት የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ሙላቱ መሣሪያውን ሊቃኙት አልቻሉም፤ ያደረጉት ዜማውን በአምስቱ ድምፅ ውስጥ ጠብቆ አሥራ ሁለቱን ድምፅ ከሥሩ እንደ ምንጣፍ ማንጠፍ ነበር። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ኦርጋንና የጊታርን ድምፅ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያጥፈው ዋዋ የተባለው የእግር መርገጫም በዚያው ዘመን ከእሳቸው ሥራዎች ጋር ተያይዘው ገቡ። በ1972 በኒው ዮርክ የተቀዳው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የዚህ ድካም ፍሬ ነው።

ነገር ግን ሙላቱ ቫይብራፎኑ ያሳለፈባቸውን ጥያቄ አልረሱትም። በ2007 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተቋም ባልደረባ፣ ቀጥሎም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እንግዳ የኪነ ጥበብ ሰው ሆነው ሲቀመጡ፣ በተቋሙ የሚዲያ ላቦራቶሪ ዘመናዊ ክራር ለማበጀት ለሚደረገው ሥራ አማካሪ ሆኑ። ችግሩ ለማንኛውም ክራር መቺ የታወቀ ነው። ክራር በአንድ ጊዜ በአንድ ቅኝት ብቻ ይኖራል፤ ቅኝት ሲለወጥ እጅ ከክሩ ተነሥቶ ወደ ቀንበሩ ይሄዳል፤ ይህም በሙሉ ባንድ መካከል የሚመች አይደለም። የተፈለገው ክራሩ ሳይቆም ከቅኝት ወደ ቅኝት እንዲሻገር፣ ከጃዝና ከሲምፎኒ መሣሪያዎችም ጋር እኩል እንዲራመድ ነበር።

የዚህ አሳብ ክብደት ሊናቅ አይገባም። ክራር ከማጀቢያነት ወጥቶ እንደ ጊታር በማንኛውም መድረክ ይሰለፍ ዘንድ መመኘት ለመሣሪያው ያለን አክብሮት ያሳያል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል። ክራርን ወደ አሥራ ሁለቱ ማስጠጋትና አሥራ ሁለቱን ወደ ክራር ማስጠጋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፊተኛው ለመሣሪያው ዓለምን ይከፍትለታል፤ ሆኖም በጆሮ የሚገኘውን በሁለት ቁልፎች መካከል ያለ ቦታ ሊያስረሳ ይችላል። ኋለኛው አስቸጋሪ ነው፣ ገበያም የለውም፤ የቅኝቱን ጠባይ የሚጠብቀው ግን እሱ ነው።

ከሙላቱ ጋር ዘመን የሚጋሩት ኃይሉ መርጊያ የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። ኃይሉ ሙዚቃን የጀመሩት በአኮርዲዮን ሲሆን፣ ኋላ የዋሊያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ዋሊያስ በጊዜው ከነበሩት ብዙ ባንዶች የሚለየው መሣሪያው የራሱ በመሆኑ ነው። ሌሎች የክበቡን ወይም የሆቴሉን መሣሪያ ሲጫወቱ፣ እነሱ የሚጫወቱበትን ራሳቸው ገዝተው ስለ ነበር ባለቤቱ ሲለወጥ ድምፃቸው አይለወጥም። ባንዱ «ጨ በለው» የተባለውን ሸክላ በ1977 አሳትሞ በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርዒት ሲሄድ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ነበሩ።

በ1985 በዋሽንግተን በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን የቀዱት ካሴት ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሁሉ የቀረበው ሥራ ነው። በስተግራ ሮድስ የተባለ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በስተቀኝ ሙግ የተባለ ሲንተሳይዘር፣ ከኋላ ምቱን የሚይዝ ድራም ማሽን፣ ከሁሉም ላይ ደግሞ ያ የልጅነት አኮርዲዮን። ባንድ የሚባል የለም፤ አንድ ሰው ብቻ። ሙግ ከተራ ኪቦርድ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ድምፁን ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ሳይቆርጥ ማንሸራተት ይችላል። መሰንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ የሚያደርገውን፣ ዘፋኝም በጉሮሮው የሚያደርገውን ይመስላል። በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለው የጠፋ ቦታ በዚህ ተመልሶ ይገኛል። ኃይሉ ሰማንያዎቹ ያመጡትን መሣሪያ አልፈቱትም፣ አልገጠሙትምም፤ እጃቸውን ግን ከአኮርዲዮንና ከአገር ዜማ ስላመጡት መሣሪያው እንደ እነሱ ለመናገር ተገደደ።

ካሴቱ ከወጣ በኋላ ኃይሉ ለኑሯቸው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ጀመር። ተሳፋሪ እስኪመጣ በአውሮፕላን ማረፊያው ወረፋ ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው በመኪናው ውስጥ ይለማመዱ ነበር። በ2013 ካሴቱ በአሜሪካ እንደገና በሸክላ ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራቸውንም በ2018 አወጡ።

በዚያው በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። ከ1974 የጀመረው የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን ከማቀጨጩም በላይ ሸክላው በካሴት ተተካ፤ ትልልቆቹ የነፋስ መሣሪያ ክፍሎችም እየሳሱ ሄደው የትራምፔቱንና የሳክስፎኑን ቦታ ኪቦርድ ያዘው። አንድ ኪቦርድ የአምስት ሰው ደመወዝ ያድናልና። የፋብሪካው ሣጥን ይዞት የሚመጣው የአራት ምት ድግምግሞሽ በመሆኑም ችክችካን የመሰለ በስድስት የሚቆጠር ምት ለማስወጣት ምቱን በእጅ መሙላት ግድ ነበር። የዚህ ሥራ ባለሙያ የሆኑ አቀናባሪዎች ስማቸው በካሴቱ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ታትሞ ቀርቷል፤ ሊጠና የሚገባው የሙዚቃ ታሪካችን አንዱ ክፍል እዚያ ጀርባ ላይ ነው። ከነሱ በኋላ ኮምፒዩተርን የሥራቸው ማዕከል ካደረጉት መካከል በ2019 በጎልማሳነታቸው ያረፉት ኤልያስ መልካ ይጠቀሳሉ። ኤልያስ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ሲሆኑ፣ ያቋቋሙትን ስቱዲዮ በገና ብለው ሰየሙት።

ከ2010 ወዲህ ደግሞ ለመደነስ ብቻ ሳይሆን ለማዳመጥ የታሰበ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በአዲስ አበባ ብቅ አለ። እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል የመድረክ ስም በ2015 «ሌቱ ሲነጋ»ን፣ ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን አወጡ። እንደገና ሙሉ ይህን አሠራር «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ጠሩት። ሚካኤል በአሜሪካ፣ በኒው ጀርዚ ሲማሩ ካስተማሯቸው መካከል ቤን ኒል አንዱ ናቸው። ቤን ኒል የትራምፔትን አፍ አባዝተው፣ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ገጥመውበት፣ ራሳቸው ፈልስፈው ራሳቸው የሚጫወቱት መሣሪያ አላቸው፤ በመድረክም የሚታወቁት በዚሁ ነው። እንዲህ ካለ መምህር እጅ የወጣ ተማሪ መሣሪያ ማለት የሚገዛ ብቻ ሳይሆን የሚሠራ መሆኑን ሳይማር አይቀርም። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን የሠሩት መሣሪያ በአብዛኛው በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ነው። የአዝማሪን ድምፅ፣ የክራርን ምት፣ የመንገድን ጫጫታ ቀድተው፣ ከፋፍለው፣ እንደገና የሚጫወቱት አድርገውታል። ካይሮ ላይ በሽቦ የተደረገው ሥራ ከሰባ ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ዞሮ መጣ።

ይህ አሠራር ለቅኝት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ቀላልና ብልህ ነው። የተቀዳ ክራር ከነቅኝቱ ይመጣል። ሠሪው በአሥራ ሁለቱ ቁልፍ ላይ እንደገና ካልጻፈው በስተቀር መካከለኛው ቦታ አይጠፋም። ጉድለቱ ግን የተቀዳው የትናንት መሆኑ ነው። ክራር መቺው መድረክ ላይ ጆሮው ባዘዘው ጊዜ ክሩን ጥቂት እንደሚያላላ ሁሉ፣ የተቀዳውም በዚያው ቅጽበት ይላላ ዘንድ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ያ መሣሪያ ዛሬ በእጅ የማይደረስበት አይደለም። ኪቦርዶች እርስ በርሳቸውና ከኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ሥርዓት በ1983 ሲወጣ የቁጥር እንጂ የድምፅ ሥርዓት አልነበረም። ቁጥር 60 ሲላክ የትኛው ከፍታ እንደሚሰማ የሚወስነው ተቀባዩ ነው። ስለዚህ የቁጥሮቹን ትርጉም በመለወጥ ብቻ የአንቺ ሆዬን ቦታ ባለበት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚህም በላይ ሥርዓቱ አንዱን ድምፅ ከ16 ሺህ በላይ በሆኑ ደረጃዎች እንዲንሸራተት ይፈቅዳል። በ2005 ጣሊያን ውስጥ ለተማሪዎች የተሠራው አርዱዊኖ የተባለው ርካሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ደግሞ፣ ከክር ሥር የሚቀመጥ መስሚያና የክሩን ውጥረት የሚለካ መሣሪያ በቤት ውስጥ ለመግጠም በቂ ነው። ክሩን ማን ያጥብቀው፣ ምን ያህልስ ያጥብቀው የሚለውን ግን ሰሌዳው አያውቅም።

አራቱ ቅኝቶች እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ክራርና አዝማሪ በሚገኙበት በደጋው ሙዚቃ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ እየተቀባበሉና እየተደራረቡ የሚዘፍኑት ዘፈን በ1970ዎቹ በሸክላ ታትሞ በውጭ አገር አጥኚዎች ዘንድ ሲደነቅ ኖሯል፤ በትዝታና በባቲ ግን አይለካም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲላና በዙሪያዋ ያለው የጌዴኦ አገር ደግሞ በ2023 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በመልክዓ ምድሩ፣ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ሥር አብረው በሚያድጉበት የአስተራረስ ጥበቡና በትክል ድንጋዮቹ ነው። ጌዴኡፋ ተናጋሪው ሕዝብ የሚዘፍነው ዘፈን የራሱ አካሄድ አለው። አራቱ ቅኝቶች የተጫኑበት መሣሪያ ዲላ ላይ ቢቀርብ፣ ለጌዴኦው ዘፋኝ ከአውሮፓው ኪቦርድ ያላነሰ ባዕድ ሊሆንበት ይችላል።

መንገዱ ግን ያው ነው። ዘፋኙን መቅዳት፣ ደጋግሞ ማስዘፈን፣ እያንዳንዱ ድምፅ ከመነሻው በስንት ሴንት እንደሚርቅ መለካት፣ በሠንጠረዥ ላይ ማስፈር፣ ሠንጠረዡን ወደ መሣሪያው ማስገባት፣ መሣሪያውን መልሶ ለዘፋኙ ማሰማት። መለኪያው ዛሬ በኪስ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ዘፋኙ ሰምቶ «አልደረሰም» ካለ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ዘፋኙ አይደለም።